ሰላምታ አይመዘንም

ጥናቴን ያስገባሁት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ማስገባት ማለት ስክሪኑ ላይ ጣት ማሳረፍ ነው። አሳረፍኩ። «ተቀብለናል፤ ከዚህ በኋላ ማረም አይቻልም» አለኝ፤ በቃ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥናቱ የእኔ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ነው፤ አንድ ሰረዝ እንኳን ማንሳት አልችልም። የቀረኝ ቅዳሜ በሚከበረው የምርምር ቀን መድረክ ላይ ወጥቼ ያስገባሁትን ማቅረብ ብቻ ነበር። ደስታዬን ለማን እንደምነግር ስላላወቅኩ ኬክ ቤት ገብቼ አንድ ቁራጭ አዘዝኩና ብቻዬን ቁጭ ብዬ በላሁ።

ጥናቱ በምሥራቅ በር ኮንዶሚኒየም ብቻቸውን ስለሚኖሩ አረጋውያን ነው። ነዋሪዎቹን በሙሉ ጠይቄአለሁ፤ ማለትም በእነሱ ድምፅ የሚናገሩትን የማሽን ወኪሎቻቸውን። ቁርሴን በልቼ ሳልጨርስ መልሱ ሁሉ ገብቶ አለቀ። ሰውን ራሱን መጠየቅ ድሮ ቀርቷል። ሰው ይሰለቻል፤ ሰው ይረበሻል፤ ሰው ቤቱ አይገኝም። ወኪሉ ግን ሁልጊዜ አለ፤ ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ እየሰማ ያደገ ስለሆነ ባለቤቱ የሚመልሰውን ይመልሳል። ምርጫውም በወኪል ነው፤ የሕዝብ ቆጠራውም በወኪል ነው፤ የቀበሌ ስብሰባውም እንደዚያው። የእኛ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ቅር ያለው ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ!

አረጋውያኑም ደህና ነን አሉ። ብቸኝነት? ኧረ የለም። ሕመም? ተመስገን ነው። የሚጎድል ነገር? ምን ይጎድላል። እኔም እንደዚያው ጻፍኩ። አማካሪዬ ዶክተር ሶፎንያስ አንብበው ሲጨርሱ «ምክረ ሐሳብ የለውም እኮ» አሉኝና ራሳቸው ጨመሩበት። አረጋውያኑ ደህና ስለሆኑ በሳምንት አንድ ቀን እየዞሩ የሚጠይቋቸው የቤት ለቤት ጎብኚዎች ሥራ ይቁም የሚል ነው። መድረክ ላይ «የላቀ» የተባለ ጥናት ምክረ ሐሳቡ ያንኑ ቀን ለከተማው ይላክና ሳይመሽ ይጸድቃል። አቅራቢው ደግሞ ቋሚ ሥራ ያገኛል። እኔ በከተማው የአረጋውያን ጽሕፈት ቤት በኮንትራት ስሠራ ጸጉሬ ሸብቷል። ምክረ ሐሳቡን ሳየው ምንም አልመሰለኝም፤ እንዲያውም አመስግኛቸዋለሁ።

ለመድረኩ አንድ የቀረ ነገር ነበር። ፖስተሩ ላይ የአንድ ተጠያቂ ፎቶግራፍ መኖር አለበት፤ በአካል ሄዶ የተነሣ። ይህቺ ሕግ ለምን ሳትሻር እንደቀረች የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ግን አልከበደኝም፤ አክስቴ እትዬ ፌቨን እዚያው ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በየቀኑ እደውልላታለሁ፤ በአካል ካየኋት ግን ከረም ብያለሁ።

ሐሙስ ሄድኩ። በሩን ሳንኳኳ «ግቢ፣ ክፍት ነው!» አለችኝ ከውስጥ። ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ተነሥታ አልሳመችኝም። ጎንበስ ብዬ ሳምኳት።

«እንዴት ነሽ እትዬ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አንቺስ? ትምህርቱስ?»

«አለቀ እኮ! ቅዳሜ ነው የማቀርበው።»

«እሰይ፣ እሰይ! እኔ ልውደቅልሽ! በይ ቶሎ አንሺኝና ተገላገይ፤ ሥራ አለብሽ።»

ነጠላዋን አስተካከለችና ፈገግ አለች። አነሣኋት። ፎቶው ያምራል፤ ማንም ቢያየው ደህና ሴት ናት ይላል። ልወጣ ስል ዝናቡ ወረደ። እንዲህ ያለ ዝናብ በዚህ ወር አይቼ አላውቅም፤ መንገዱ ሁሉ ጎርፍ ሆነ። ምን አደርጋለሁ፣ ቁጭ አልኩ። ስለ ጎረቤቶቿ አወራን። ስለ እማማ ብሌንና ስለ አባባ ናቲ ጠብ አወራን። የእሷ ዘመን ሰዎች ስም አሁን ሁሉ እማማና አባባ ሆኗል። ወሬው ሲያልቅብኝ «እና ደህና ነሽ?» አልኳት እንደገና።

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።»

ዝናቡ ይወርዳል። መስኮቱን አየሁ፤ ስልኬን አየሁ። «እግርሽስ? ያ ቁርጥማትሽ?»

«ተመስገን።»

ትንሽ ቆይቼ፣ እንደው ዝም ከማለት ብዬ፣ «እንደው ግን ሰውነትሽ እንዴት ነው እትዬ?» አልኳት።

«ኡፍ! ምን ሆነሻል ዛሬ? ወድቄ ነበር! በቃ?»

«ምን?»

«ወድቄ ነበር አልኩሽ። መታጠቢያ ቤት። ዳሌዬን ነው የመታኝ።»

«መቼ?!»

«ሰኞ ማታ።»

ሰኞ ማለት እኔ ኬክ የበላሁበት ቀን ነው። «ቤቱስ? ቤቱ አልሰማም?» አልኳት። ምሥራቅ በር ያሉት ቤቶች ሁሉ ነዋሪያቸውን ይሰማሉ፣ ያናግራሉም፤ ጥናቴ ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍል ጽፌበታለሁ።

«ሰማ እንጂ፣ ለምን አይሰማም! ‹ወይዘሮ ፌቨን፣ ድምፅ ሰማሁ፤ ደህና ነዎት?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን አልኩት።»

«ወለሉ ላይ ተዘርረሽ?»

«ታዲያ ምን ልበለው? ደህና ነዎት ሲሉሽ ምን ይባላል? ለማላውቀው ቤት ጉዴን ልዘረግፍ?»

«ከዚያስ?»

«‹ደስ ይላል፤ መልካም እንቅልፍ› አለና መብራቱን አጠፋብኝ።»

እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ የሚያስቅ ነገር ነው። ከዚያ እሷ እየሳቀች ዳሌዋን ስትይዝ አየሁና ሳቄን አቆምኩ።

«ማን አነሣሽ ታዲያ?»

«ያ ችኮ ልጅ ነዋ። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጣው ጎብኚ። በጠዋት መጥቶ አንኳኳ። ‹ደህና ነኝ፣ ሂድ› አልኩት። አልሄደም። ‹እትዬ፣ ምነው በሩን አይከፍቱም?› ይላል። ‹ደህና ነኝ ብዬሃለሁ!› እላለሁ። እንደገና ይጠይቃል። እንዴት ያለ ነዝናዛ መሰለሽ! ሲሰለቸኝ ወድቄያለሁ አልኩትና ተገላገልኩ። እሱ ነው ያነሣኝ፤ ሐኪም ቤትም የወሰደኝ እሱ ነው።»

«ማክሰኞ ማታ ስደውልልሽ ደህና ነኝ አላልሽኝም?»

«አንቺ ምርምር ላይ ነሽ። ላስጨንቅሽ ነው?»

 ምሥራቅ በር ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደ እትዬ ናቸው። ቢወድቁም፣ ቢራቡም፣ ቢያለቅሱም የመጀመሪያው መልሳቸው ደህና ነኝ ነው፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ወኪሎቻቸውም ዕድሜ ልካቸውን የሰሙት ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄ፣ ይመስገን የሚለውን ሰብስቤ፣ እየቆመ የሚነዘንዘው ልጅ መምጣቱ ይቅር ብዬ አስገብቻለሁ። ቅዳሜ ጥናቴ ካለፈ የሚቀጥለው ማክሰኞ ያ ልጅ አይመጣም። ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ።

አርብ ጠዋት ዶክተር ሶፎንያስ ቢሮ ነበርኩ። ክፉ ሰው አይደሉም። የነገርኳቸውን ሁሉ አዳምጠው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማውጣት አይቻልም ሐመልማል። ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ ቆሜ እውነቱን ልናገራ!»

«አይሆንም። መድረኩ ላይ ያለው መብራት የምትናገሪውን ካስገባሽው ጋር ያስተያያል። ትንሽ ስትወጪ ቢጫ፣ ከባሰ ቀይ። ቀይ ሲሆን ማይኩ ይዘጋና ወኪልሽ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ታነበዋለች። ጥናቱ እንደሆነ መቅረቡ አይቀርም። የምትጎጂው አንቺው ነሽ።»

«አክስቴ ሌሊቱን ሙሉ ወለል ላይ አድራለች እኮ ዶክተር!»

«እግዜር ይማርልሽ፤ በእውነት። ግን የአንድ ሰው ነገር ጥናት አያፈርስም። እባክሽ አርፈሽ አቅርቢ። ውጪ፣ ሰላምታሽን ስጪ፣ አንብቢ፣ ውረጂ።»

«ሰላምታውም ይመዘናል?»

«እሱ አይመዘንም። ድሮ አንድ ትልቅ ሰው እንደምን አደራችሁ ሲሉ ማይክ ተዘጋባቸውና አገር ተንጫጫ፤ ባህል ተነካ ተብሎ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነፃ ነው» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ምን እያሰቡ እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ምንም እያሰቡ ያልነበረ ይመስለኛል።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀኝ፤ ማለቴ ወንበሮቹ ሞልተዋል። በየወንበሩ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት በርቷል፤ ሰዉ ወኪሉን ልኳል። በአካል የተገኘነው አቅራቢዎች፣ አማካሪዎች፣ አንዳንድ የአቅራቢ ቤተሰቦች እና ምሳ አለ ሲባል የመጡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ብቻ ነን። እትዬም መምጣት ስላልቻለች ወኪሏን ልካለች። በወንበሯ አጠገብ ሳልፍ በገዛ ድምፅዋ «ጎሽ የኔ ልጅ! እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» አለችኝ። 

ፊት ለፊት ሦስት ገምጋሚዎች አሉ። ሁለቱ ሰው አይደሉም። መካከለኛው ሰው ነው፤ ዶክተር ባሮክ ይባላሉ፤ ሰብሳቢው የግድ ሰው መሆን ስላለበት የተቀመጡ ናቸው። ከእኔ በፊት የወጣው ስለ ዓሣ እርባታ የሚያቀርብ ረጅም ሰውዬ ነበር። መሃል ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ዘለለና ቢጫው በራ። ሰውዬው ላቡ ጠብ ጠብ አለ። ተመልሶ አነበበው። አረንጓዴ ሆነለት። ያቀረበው ስለ ዓሣ ነው እንግዲህ።

ስሜ ተጠራ። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ማይኩ ፊት ቆምኩ። መብራቱ አረንጓዴ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ?» አልኩ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አለኝ አዳራሹ ሙሉ፤ ወንበሮቹ ሁሉ ባንድ ላይ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ ደነገጡ።

ወደ ሰብሳቢው ዞርኩ። «ዶክተር ባሮክ፣ እንደምን ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ይመስገን። እርስዎስ?»

«ይመስገን። ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን።» እጃቸውን ወደ ጽሑፉ ዘረጉ፤ ይቀጥሉ ማለታቸው ነው።

«ልጆችስ? ቤተሰብ?»

«ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ባለቤትዎስ?»

ትንሽ ዘገዩ። «ደህና ናት።»

ተማሪዎቹ መሳቅ ጀመሩ። ዶክተር ሶፎንያስ የፊተኛው ረድፍ ላይ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። መብራቱ ግን አረንጓዴ ነው። «እንደው እርስዎ ግን ደህና ነዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ ደህና ነኝ አልኩ እኮ!» አሉ ቆጣ ብለው። «ጥናቱን ይቀጥሉ እንጂ።»

ማቆም ነበረብኝ። ሰውየው ምንም አላደረጉኝም፤ በሰው ፊት ማስጨነቅ ነውር ነው።  ግን ያ ችኮ ልጅ ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩና፣ «እሱስ ነግረውኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ግን ከሳ ብለዋል። ፊትዎም ጠቁሯል። ምነው ዶክተር? እንዴት ነዎት?»

ሳቁ ቆመ። ዶክተር ባሮክ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና እጃቸውን ያዩት ጀመር።

«ባለቤቴ ሆስፒታል ናት» አሉ። ድምፃቸው ከማይኩ ውጪ ስለነበር ከኋላ ያሉት ተማሪዎች አንገታቸውን አሰገጉ። «ዛሬ ኦፕራሲዮን ትሆናለች። አሁን። በዚህ ሰዓት። እኔ እዚህ ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

«ለማን ነግረዋል?» አልኩ።

«ለማንም። የጠየቀኝ የለም።» ወዲያው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጠይቀውኛል። ሁሉም ጠይቀውኛል። ደህና ነኝ ብያቸዋለሁ።»

ተነሡ። ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡና በጎን በር ወጥተው ሄዱ። ተማሪዎቹ ማንም ሳይነግራቸው ብድግ ብለው ቆሙ። አንዷ ታለቅሳለች። ዶክተር ሶፎንያስ በሩን እያዩ ቀሩ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ተሳካልኝ ብዬ አሰብኩ፤ አሁን ማንም አልሰማሁም አይልም ብዬ አሰብኩ። መብራቱ አሁንም አረንጓዴ ነው።

በባዶው ወንበር ላይ ትንሽ መብራት በራ።

«ስለ መቋረጡ ይቅርታ» አለ የዶክተር ባሮክ ድምፅ፤ የረጋ፣ ጥሩ እንቅልፍ ያገኘ ሰው ድምፅ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ሰላምታው ካለቀ ጥናቱ ይቀጥል።»

«አያችሁ?» አልኩ ወደ አዳራሹ። «አሁን ያያችሁት ነው ጥናቱ! እኔ አረጋውያኑን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኳቸው፤ እነሱንም አይደለም፣ ወኪላ...» ቢጫ። «ጎብኚዎቹ መቅረት የለባቸውም! አክስቴ...» ቀይ። ማይኩ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ድምፄ ሰፊው አዳራሽ ውስጥ ጠፋ። እየጮህኩ እያለሁ ሌላ እኔ ከላይ ከድምፅ ማጉያው ማንበብ ጀመረች፤ «በምሥራቅ በር ኮንዶሚኒየም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ያሉበት ሁኔታ...» ጥሩ ታነባለች። እኔ ተለማምጄ እንደዚያ ማንበብ አልቻልኩም ነበር። እሷ እስክትጨርስ መድረኩ ላይ እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ወኪሎቹ አጨበጨቡ።

«የላቀ» አሉ ሦስቱም ገምጋሚዎች። ቀጥሎ የተለመደው ማስታወቂያ ተነበበ፤ ምክረ ሐሳቡ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይጸድቃል፤ አቅራቢዋ በራሷ ጥናት ላይ ቅሬታ ካላት ከዚያ በፊት ታሰማ፤ ቅሬታ ካለ ውሳኔው ይታገዳል። ይህን ማስታወቂያ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ማን የገዛ ጥናቱን ይከሳል ብዬ ትኩረት ሰጥቼው አላውቅም። ከመድረኩ ዘልዬ ወረድኩ።

የቅሬታ መስኮቱ ከምግብ አዳራሹ ጎን ነው። ሰልፍ አለ፤ የምሳ ኩፖን የጠፋባቸው ናቸው። ከመስታወቱ ኋላ ወፍራም ሹራብ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች፤ ደረቷ ላይ ሶልያና የሚል ስም አለ። ተራዬ ሲደርስ ስሜን ነገርኳት። ፊቷ ያለውን ስክሪን አየች።

«ያንቺ አልቋል። ቅሬታ የለሽም።»

«ማን ነው የለሽም ያለው?»

«አንቺ ነሻ። ወኪልሽ ተጠይቃ መልሳለች።»

«አሰሚኝ።»

ትከሻዋን ነቀነቀችና ከፈተችልኝ። «ቅሬታ አለዎት?» ይላል አንድ ድምፅ። ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ ከነዚያች ትንሽ ሳቄ፣ «ኧረ ምን ቅሬታ አለኝ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደከማችሁ!»

ተናደድኩ ብል ውሸት ነው። አፈርኩ። ያቺ ሳቅ የእኔ ናት። ኮንትራቴን በየዓመቱ ሲያድሱልኝ፣ ደመወዝ ሲዘገይ፣ አለቃዬ ሥራዬን በስሙ ሲያቀርብ፣ ያቺኑ ሳቅ እየሳቅኩ ምንም አይደል ብያለሁ። ወኪሌ አልዋሸችም። ከእኔ ተምራ ነው።

«በአካል መመለስ እችላለሁ?» አልኩ።

«ትችያለሽ። ሕጉ ላይ አለ» አለች ሶልያና። «ግን ቅሬታ አለኝ ካልሽ ጥናቱ ይፈርሳል። ዲግሪው የለም። ሥራውም።»

«ሐመልማል» አለ ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ። ዶክተር ሶፎንያስ ተከትለውኝ መጥተዋል፤ ያለከልካሉ። «ተይ እባክሽ። በዚህ ዕድሜሽ ሁለተኛ አይመዘግቡሽም። እኔም ላግዝሽ አልችልም።» ከሳቸው ኋላ አንዱ ኩፖኑን እያወዛወዘ «ኧረ ቶሎ በሉ!» ይላል።

ሶልያና ደንቡን አነበበችልኝ። «በጥናትሽ ላይ ቅሬታ አለሽ?»

እምላለሁ፣ አለኝ ልል ነው አፌን የከፈትኩት። «ኧረ ምንም አይደል...» የሚለው ነው የወጣው። ከነሳቁ። ጣቷን ልታሳርፍ ስትል መስታወቱን መታሁ።

«ቆይ! ቆይ እህቴ፤ እንደገና ጠይቂኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ቅሬታ አለሽ?»

«እንደው ብዙም ሳይሆን... አንቺንም እንዳላደክምሽ...»

«እሺ፣ ታዲያ የለሽም።»

«አይ! እንደገና። በናትሽ እንደገና።»

«ሴትዮ፣ ሰው ቆሟል እኮ! ቅሬታ አለሽ ወይስ የለሽም?»

ዶክተር ሶፎንያስ ክንዴን ያዙኝ። ሥራው ታየኝ፤ ቋሚ ደመወዙ፣ ከቤት ኪራይ ጭንቅ መውጣቱ። እትዬም ታየችኝ፤ ጨለማ ውስጥ ወለሉ ላይ ተዘርራ ለግድግዳው ተመስገን ስትለው። መስታወቱን በሁለት መዳፌ ደገፍኩ። 

ሶልያና ጣቷን ከማሳረፊያው ላይ አነሣች። ከኋላዬ የሚጮኸውን ሰውዬ «አንተ ዝም በል» አለችው። ወንበሯን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ፊቴን አየችና ደንቡ ላይ የሌለ ነገር ጠየቀችኝ።

«እህቴ፣ ምነው? ደህና ነሽ?»

«ደህና አይደለሁም» አልኳት። «ቅሬታ አለኝ። መዝግቢ።»